ቀዩ መስመር፦ የቤት ኮምፒውተር ማከማቻ እንዴት ይሞላል፣ እንዴትስ ይለቀቃል?

የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ የመጣችው የመመረቂያ ጽሑፏን ሴቭ ላድርግ ስትል እምቢ ስላላት ነው። «ጋሼ፣ የሚሰረዘውን ሁሉ ሰርዤ ጨረስኩ፤ አሁንም ቀይ ነው» አለችኝ። ሲ ድራይቭ ከሚለው ምልክት ሥር ያለችው አግድም መስመር እውነትም ከዳር እስከ ዳር ቀልታለች። ከ237 ጊጋባይት ውስጥ ባዶ የነበረው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ምን ምን እንደሰረዘች ጠየቅኳት። የሦስት ዓመት የክፍል ማስታወሻዋን፣ የቤት ሥራዎቿን፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የቆዩ ረቂቆች፤ በድምሩ 800 ያህል ፋይሎች። እነዚህ ሁሉ ተደምረው 0.4 ጊጋባይት ነበሩ። እሱም ቢሆን ገና አልተለቀቀም፤ ለምን እንዳልተለቀቀ ወደፊት እንመጣበታለን።

የእሷ ስህተት የብዙ ሰው ስህተት ነው። ኮምፒውተር ሞላ ሲባል እጃችን የሚሄደው በስማቸው ወደምናውቃቸው፣ በየቀኑ ወደምንከፍታቸው ፋይሎች ነው። ቦታውን የያዙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍተን የማናያቸው ናቸው። ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት ማከማቻው በምን እንደሚሞላና መሰረዝ የሚባለው ነገር በውስጡ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ አንድ የቃል መደባለቅ እናጥራ። በየቤቱ «ሜሞሪው ሞልቷል» ይባላል። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ አሁን እየሠራበት ያለውን ነገር የሚዘረጋበት፣ ሲጠፋ ባዶ የሚሆን የሥራ ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛው ማከማቻው ነው፤ መብራት ቢሄድም የተቀመጠበትን የማይረሳ ቁም ሣጥን ነው። ማከማቻው በቆዩ ኮምፒውተሮች በሚሽከረከር ሳህን ላይ የሚጽፍ ሃርድ ዲስክ ነው፤ በአዳዲሶቹ ምንም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ቁም ሣጥኑ ነው። ፕሮግራም ዘግታችሁ ብትከፍቱ ራሙ ይቀለዋል፤ ማከማቻው ግን አንድ ባይት እንኳ አያገኝም።

ቀጥሎ የሚያደናግረው ልኬቱ ነው። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ሲገዛ 256 ጊጋባይት ተብሎ ነው። ዊንዶውስ ግን የሚያሳየው 238 ነው። ሻጩ አላጭበረበረም። ዲስክ አምራቾች አንድ ጊጋባይት የሚሉት 1,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ በሁለት እያባዛ ስለሚቆጥር አንድ ጊጋባይት የሚለው 1,073,741,824 ባይት ነው። ዕቃው አንድ ነው፤ መስፈሪያው ግን ተለያይቷል። ለዚህ ነው አንድ ቴራባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ 931 ጊጋባይት ሆኖ የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለትልቁ መስፈሪያ ጊቢባይት የሚል የራሱ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ዊንዶውስ ግን እስካሁን በቀድሞው ስም ይጠቀማል። የአፕል ኮምፒውተሮች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ወደ አምራቾቹ አቆጣጠር ተሻግረዋል። ከ238ቱ ላይ ኮምፒውተሩ ለመነሻና ለብልሽት ጊዜ መጠገኛ የሚቆርጣት አንድ ጊጋባይት ያህል ስትቀነስ 237 ይቀራል።

አሁን ይህ 237 በምን ይሞላል? ከጽሑፍ እንነሳ። በዛሬው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 3 ባይት ነው፤ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይበቃዋል። በአንድ ገጽ 1,500 ፊደል ቢኖር፣ 300 ገጽ ያለው የአማርኛ ልቦለድ ወደ 450,000 ፊደል ነው፤ በ3 ሲባዛ ከአንድ ሜጋባይት ተኩል አይደርስም። በዎርድ ሲቀመጥ ደግሞ ፋይሉ በራሱ የታመቀ ስለሆነ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። በሌላ በኩል በተለመደው የስልክ ካሜራ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ እንደ አቀራረጹ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይይዛል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቦታ፣ በትንሹ ቢታሰብ፣ 40 ልቦለድ ይችላል ማለት ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ሁሉ ከአንድ የልደት በዓል ቪዲዮ ቦታ አይበልጥም። 800ዎቹ የተማሪ ፋይሎች ያላንቀሳቀሱት መስመር ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ወደ መሰረዝ እንሂድ። ማከማቻው ላይ ሁለት ነገር አለ፦ ይዘቱ ራሱና የይዘቱ መዝገብ። መዝገቡ «እንዲህ የሚባለው ፋይል በዚህና በዚያ ቦታ ተቀምጧል» ይላል። የኪራይ ቤቶችን መዝገብ አስቡ። ተከራይ ሲለቅ ስሙ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ ዕቃው ግን ቤቱ ውስጥ ነው። ዕቃው የሚወጣው ሌላ ተከራይ ሲገባ ብቻ ነው። ኮምፒውተርም ፋይል ሲሰርዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መዝገቡ ላይ ቦታው ነፃ ነው ብሎ ይጽፋል እንጂ ይዘቱን ወዲያው አይፍቅም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል አንዳንዴ ተፈልጎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዴሊት የምትለዋን ቁልፍ ስንጫን ግን እዚህ ደረጃ እንኳ አንደርስም። ዊንዶውስ ፋይሉን ወደ ሪሳይክል ቢን ይወስደዋል። ሪሳይክል ቢን ደግሞ እዚያው ድራይቭ ላይ ያለ ሌላ ፎልደር ነው። የፋይሉ አድራሻ ተቀየረ፤ ቦታው አልተለቀቀም። የእህቴ ልጅ 800 ፋይሎች የነበሩት እዚያ ነው፤ ከዚህ በፊት ከተጣሉ ፊልሞች ጋር በድምሩ 11 ጊጋባይት ይዘው። እሷ እንደ ችግር ያየችው ነገር በዚህ በኩል በጃት። ቢኑን ባዶ ከማድረጋችን በፊት ማስታወሻዎቿንና ረቂቆቿን አንድ በአንድ መርጠን ወደ ቦታቸው መለስናቸው። ፍላሽ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ዕድል አይገኝም ነበር፤ ከፍላሽ የሚሰረዝ ፋይል ሪሳይክል ቢን ሳይገባ በቀጥታ ነው የሚሄደው።

በዚሁ መዝገብ አሠራር ምክንያት ፋይልን ከዴስክቶፕ ወደ ዶክመንትስ ማዛወርም ቦታ አያስለቅቅም። ሁለቱም ሲ ድራይቭ ላይ ናቸው፤ የሚለወጠው አድራሻው ብቻ ነው። 20 ጊጋባይት የሆነ ፎልደር በዓይን ቅጽበት ከተዛወረ ከዚያው ድራይቭ አለመውጣቱን ዕወቁ። በእርግጥ ወደ ሌላ ዲስክ የሚሄድ ዕቃ ጊዜ ይፈጃል።

ኤስኤስዲ ላይ ነገሩ አንድ ደረጃ ይወሳሰባል። ኤስኤስዲ የሚጽፈው በትንንሽ ገጾች ነው፤ የሚፍቀው ግን ብዙ ገጾችን የያዘ አንድ ሙሉ ክፍል በአንድ ጊዜ ነው። ከፊሉን ብቻ ማጥፋት የማይቻልበት፣ ሲጠፋ ሁሉም የሚጠፋ ጥቁር ሰሌዳ ነው በሉት። ከሰሌዳው ላይ የማያስፈልጉ ሦስት መስመሮችን ለማንሳት የሚያስፈልጉትን መስመሮች መጀመሪያ ወደ ሌላ ባዶ ሰሌዳ መገልበጥ ግድ ነው። ባዶ ሰሌዳ ሞልቶ ሲተርፍ ይህ ሥራ ተጠቃሚው ሳያውቀው ከጀርባ ይጠናቀቃል። ዲስኩ ጢም ሲል ግን ባዶ ሰሌዳ ይጠፋል፤ አንዲት አዲስ ነገር ለመጻፍ ብዙ መገልበጥና ማጥፋት ይጠይቃል። የሞላ ኤስኤስዲ የሚንቀራፈፈው በዚህ ነው።

ይህን ለማቅለል ትሪም የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ዊንዶውስ «ይህ ገጽ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቅበት መንገድ ነው። ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ዋጋው ደግሞ ከኤስኤስዲ በእርግጥ የተሰረዘ ፋይል በማስመለሻ ፕሮግራም የመገኘት ዕድሉ እጅግ መመንመኑ ነው። በሃርድ ዲስክ ዘመን «ቴክኒሽያን ያወጣልኛል» ማለት ይቻል ነበር፤ ኤስኤስዲ ላይ ይህን ተስፋ ይዞ መሰረዝ አይገባም።

ዲስኩ ሲሞላ የሚጎዳው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ራሙ ሲጠብበው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አንዳንድ ነገር አንስቶ ማከማቻው ላይ ለጊዜው ያኖራል፤ ይህ ማቆያ ፔጅ ፋይል ይባላል፤ መስፋት ሲፈልግ ቦታ ካጣ ፕሮግራሞች በድንገት ይዘጋሉ። ዎርድ እየጻፍን ሳለ ከጀርባ ጊዜያዊ ቅጂ ያስቀምጣል፤ እሱም ቦታ ይፈልጋል። የእህቴ ልጅ ጽሑፍ አልቀመጥ ያለው ባዶው ሁለት ጊጋባይት እንደ ሥራው እየሰፋና እየጠበበ አንዳንዴ ዜሮ ስለሚደርስ ነው። ከሁሉ የከፋው የደኅንነት ማሻሻያዎች መቅረታቸው ነው። ማሻሻያ ሲወርድ መዘርጊያ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ያቋርጣል። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ለዚህ ብሎ 7 ጊጋባይት ያህል አስቀድሞ የሚይዘው በአዳዲስ ኮምፒውተሮችና በአዲስ ጭነቶች ላይ ነው።

ከዚህ በመነሳት ኮምፒውተሩ ለራሱ የያዘውን እንመልከት፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነውና። የዊንዶውስ ፎልደር 30 ጊጋባይት ያህል ሆኖ ማየት የተለመደ ነው። በውስጡ ዊንኤስኤክስኤስ የሚባል ክፍል አለ፤ ሲታይ ያስደነግጣል። ነገር ግን አንድ ይዘት በሁለት ስም ስለሚመዘገብበት በፋይል መቁጠሪያው ላይ ከእውነተኛ መጠኑ ገዝፎ ይታያል። በእጅ ገብተው የሚሰርዙት ኮምፒውተራቸው ዳግም እንዳይነሳ ያደርጉታል፤ ፈጽሞ አይነካም። ሌላው ሃይበርኔሽን የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ራሙ ላይ ያለውን ወደ ማከማቻው ጽፎ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ዘዴ ነው። ለዚህ የሚይዘው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የራሙ 40 በመቶ ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም ላለው 3.2 ጊጋባይት። ብዙ ምክር ሰጪዎች አጥፉት ይላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ ግን ሥራን ከነበረበት የሚያቆይ መድን እሱ ነው፤ ለ3 ጊጋባይት ብሎ መድንን መጣል ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ኮምፒውተሩ በቅርቡ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ከተሸጋገረ ደግሞ አሮጌው በሙሉ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። ከ10 እስከ 20 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ወደ ቀድሞው መመለስ ቢያስፈልግ ተብሎ 10 ቀን ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ትዕግሥት ያለው ሰው እጁን ሳያስገባ ቦታውን ያገኛል።

እንግዲህ ማየት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ ብንል ቦታው በዓይነት ተከፍሎ ይታያል። ከዚህ የጠራ ምስል የሚፈልግ እንደ ዊንዲርስታት ያሉ ነፃ ፕሮግራሞችን መጠቀም ይችላል። እነዚህ ማከማቻውን በአንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ይወክሉታል፤ እያንዳንዱ ፋይል በመጠኑ ልክ ትንሽ ወይም ትልቅ ባለ ቀለም ሣጥን ሆኖ ይደረደራል። የዘዴው ታሪክ ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቤን ሽናይደርማን የሚባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ቤተ ሙከራቸው ውስጥ 14 ሰዎች የሚጋሩት አንድ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ መጠኑ 80 ሜጋባይት። ዲስኩ እየሞላ ሲያስቸግር ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ሥዕል ፍለጋ ጀመሩ። ትሪማፕ የሚባለው አሣሣል የተወለደው ከዚያ ነው፤ ዛሬ የአክሲዮን ገበያን ለማሳየት ሳይቀር ይሠራበታል። 80 ሜጋባይት አሁን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጥያቄው ግን ያው የዚያን ጊዜው ነው።

የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ በዚህ ሥዕል ስናየው እንዲህ ነበር። ዊንዶውስ፣ ፕሮግራሞችና የኮምፒውተሩ የራሱ ማቆያዎች በድምሩ 65 ጊጋባይት። የታላቅ ወንድሟ የሠርግ ቪዲዮ፣ ካሜራማኑ በፍላሽ እንዳመጣው፣ ከመልሱ ጋር 46። ከስልኳ የተገለበጡ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች 51። ከቴሌግራም ወደ ዳውንሎድስ የወረዱ 34፤ ቴሌግራም ራሱ ሳይታይ ያስቀመጠው 12። ሌሎች የወረዱ ነገሮች፣ በአብዛኛው አንዴ ተጭነው ያለቀላቸው የፕሮግራም ማስጀመሪያዎች፣ 9። ሪሳይክል ቢን 11። የቀረው ጥቂት የብራውዘርና የሌሎች ፕሮግራሞች ጊዜያዊ ፋይል ነው። ስክሪኑን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «እኔ ስጽፍበት የምውለው የታለ?» አለች። ከሥዕሉ ላይ በዓይን የሚለይ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ በአንድ ጥያቄ ይመራል፦ ይህ ፋይል ሌላ ቦታ አለ ወይ? መጠኑ ሁለተኛ ነው። ከኢንተርኔት ተመልሶ የሚገኝ፣ ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ዳግም የሚሠራው ነገር ቅጂ ነው፤ ዋናው ሌላ ዘንድ አለ። የሠርጉ ቪዲዮ፣ የሟች አያት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ዋናው እዚህ ነው። ቅጂ ይሰረዛል። ዋና ግን መጀመሪያ ይባዛል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይነሳል።

ጊዜያዊ ፋይሎች ሁሉ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ብራውዘር አንድ ገጽ ስንከፍት ምስሎቹን የሚያስቀምጠው በሚቀጥለው ጊዜ ከኢንተርኔት ደግሞ እንዳያመጣቸው ነው፤ ይህ ካሽ ይባላል። ቢጠፋ ኮምፒውተሩ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዳታ ነው፤ ገጾቹ እንደገና ይወርዳሉ። ዋይፋይ ላለው ምንም አይደለም፤ በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ግን የብር ጉዳይ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ካሽ ማጽዳት የሚጠቅም ልማድ አይደለም፤ ገዝፎ ሲገኝ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚያጸዳበት ገጽ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከዝርዝሩ መካከል ዳውንሎድስ የሚልም ምርጫ ይገኛል። ዳውንሎድስ ጊዜያዊ ፋይል አይደለም፤ የኛ ፎልደር ነው። ምልክቱ ከመነሻው ባዶ ነው፤ «ሁሉንም ልምረጥ» ብሎ የሚቸኩል ሰው ግን ውሎ አድሮ ይጸጸታል።

ቴሌግራም ለብቻው መታየት አለበት፤ በእኛ ቤቶች ኮምፒውተር የሚሞላው በአብዛኛው በእሱ ነውና። የተለመዱት ውይይቶችና ቻናሎች ላይ ያለው ፋይል የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው። ኮምፒውተራችን ላይ ያለው ቅጂ ነው፤ ቅጂውም ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ተጠቃሚው የማያየው ካሽ ነው፤ በሴቲንግስ ውስጥ አድቫንስድ ከሚለው ሥር የማከማቻ ማስተዳደሪያ አለ፤ እዚያ ሊጸዳና ጣሪያ ሊበጅለት ይቻላል። ሁለተኛው ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባለው ፎልደር ነው። የመጀመሪያውን ያለ ሥጋት ማጽዳት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ማየት ይፈልጋል፤ የቻናሉ ባለቤት ልጥፉን ካነሳው ሰርቨሩ ላይ የለም፤ የኛ ቅጂ ዋና ሆነ ማለት ነው። ዋትስአፕ ደግሞ አሠራሩ የተለየ ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ሰርቨሩ ላይ በቋሚነት አይቀመጥም፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ቪዲዮ ዋናው ያለው በላኪውና በተቀባዩ ዘንድ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቶ ማጽዳት ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው።

የስልኩ 51 ጊጋባይት ሲከፈት ሦስት ፎልደር ነበር፦ «ስልክ»፣ «ስልክ አዲስ» እና «የመጨረሻ»። ስልኳ በሞላ ቁጥር ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ ስትገለብጥ፣ ግን ከስልኩ ላይ ሳትሰርዝ ቆይታለች፤ ቀጣዩ ግልበጣ የበፊቱን ይዞ ይመጣል። 17 ጊጋባይት ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ሦስት ቅጂ አንድ ዲስክ ላይ ሲሆን ዲስኩ ቢበላሽ ሦስቱም ይጠፋሉ፤ ቦታውን ግን ሦስት እጥፍ ይበላሉ። ሁለቱን ከማጥፋታችን በፊት የሦስቱን የፋይል ብዛትና መጠን አመሳከርን። «የመጨረሻ» ከሚለው ውስጥ ግን «ስልክ» ላይ የነበሩ አሥር ፎቶዎች ጠፉ፤ በመሃል ከስልኩ ላይ ሰርዛቸው ነበር። እነሱን ወደ አንዱ አሸጋግረን ሌላውን አነሳን። የፎልደር ስም ምስክር አይሆንም።

ዋና የሆኑት ወዴት ይሄዳሉ? ብዙ ኮምፒውተሮች ሲና ዲ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ተከፍለው ይመጣሉ። ሲ ሲሞላ ወደ ዲ ማዛወር ለሲ ቦታ ያስለቅቃል፤ ነገር ግን አንድ ዲስክ ላይ የተሰመረ መስመር ነው እንጂ ሁለት ዲስክ ላይሆን ይችላል። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ ዲ ማረፊያ ነው፤ መጠባበቂያ ግን አይደለም። መጠባበቂያ የሚሆነው ሌላ አካል፣ ኤክስተርናል ዲስክ ነው።

ሲዛወርም ከት አድርጎ ፔስት ከማድረግ ኮፒ አድርጎ፣ ከፍቶ አይቶ፣ ከዚያ መሰረዝ ይሻላል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ወይም ገመዱ ቢነቀል የሚጎድለው ቅጂው እንጂ ዋናው አይሆንም። «ፋይሉ ለመዳረሻው በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ባዶ ቦታ ሞልቶ እያለ፣ ምክንያቱ ፍላሹ የተዘጋጀበት ፋት 32 የሚባል የቆየ የመዝገብ ዓይነት ነው። አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ አይቀበልም፤ የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ከዚህ ያልፋል። ኤክስፋት በሚባለው ዓይነት ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል። ፎርማት ማድረግ ግን ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ መርሳት አይገባም።

ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ወደሚደረስበት የኩባንያ ማከማቻ፣ የሚልኩ አሉ። እዚህ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። እንደ ዋንድራይቭ ያሉት ኮምፒውተሩና ሰርቨሩ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲቆዩ የሚያመሳስሉ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰረዘ ከሰርቨሩም ይሰረዛል። ቦታ ለማስለቀቅ የሚፈልግ ሰው ዴሊትን ሳይሆን «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን መምረጥ አለበት፤ ይህ ይዘቱን ሰርቨሩ ላይ ትቶ እዚህ ስሙን ብቻ ያስቀራል።

ስለ ማመቅ ጥቂት። ዚፕ ማድረግ ጽሑፍን ያሳንሳል፤ ፎቶና ቪዲዮን ግን አያሳንስም ማለት ይቻላል፤ ሲቀረጹ ቀድሞውኑ ታምቀዋልና። 46 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ዚፕ ሲደረግ 46 ጊጋባይት ሆኖ ይወጣል፤ ዋናውን ካልሰረዝነው ጭራሽ 92 ይሆናል። በአንድ ጠቅታ ኮምፒውተር ያጸዳሉ የሚባሉ ፕሮግራሞችንም አላበረታታም። ዊንዶውስ ራሱ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባል ማጽጃ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለው። በዚያው ዓመት በዓለም ዙሪያ ይታመን የነበረው ሲክሊነር የተባለ ማጽጃ፣ ሠሪዎቹ ሳያውቁ ጠላፊዎች ተንኮል አዘል ኮድ አስገብተውበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ደርሷል። ሁሉንም ፋይል የማየትና የመሰረዝ ሥልጣን የሚሰጠው ፕሮግራም የመጣበት ምንጭ መመርመር አለበት።

በዚያ ምሽት ሪሳይክል ቢኑ፣ የተደገሙት ፎቶዎች፣ የቴሌግራም ካሽ፣ ማስጀመሪያዎቹና ጊዜያዊ ፋይሎቹ ተራ በተራ ተነሱ። ከዳውንሎድስ ቴሌግራም ውስጥ እየከፈተች ያየችው ብዙውን ጊዜ ወሰደ፤ ከ34 ጊጋባይት ስድስቱን አስቀረች። መስመሯ ወደ ሰማያዊ ስትመለስ 100 ጊጋባይት ያህል ባዶ ነበር። የሠርጉን 46 አልነካነውም። ቤት ውስጥ የነበረው ኤክስተርናል አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ገለበጥነው፤ ካሜራማኑም የራሱን ቅጂ ማጥፋቱን ወንድሟ በስልክ ነገረን። ሁለተኛ ዲስክ እስኪገዛ ድረስ አንደኛው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ይቆያል።